አቤ ጉበኛን አርባምንጭ ላይ ስናነብ

በክፍላችን የአቤ ጉበኛ ስም ሲነሳ ሁለት ነገር መስማት የተለመደ ነው። አንደኛው «አልወለድም» መታገዱ ነው። ሁለተኛው «አቤ ይሰብካል እንጂ ልቦለድ አይጽፍም» የሚለው ፍርድ ነው። ከዚያ ቶሎ ብለን ወደ በዓሉ ግርማ እንሻገራለን። ይህች አካሄድ ለፈተና ትመች ይሆናል፤ ለአቤ ግን አትበቃውም ባይ ነኝ። በተለይ ታሪካዊ ልቦለዱን «አንድ ለእናቱ»ን ሳናነብ ስለ ሰውዬው ፖለቲካ አፋችንን ሞልተን መናገር የምንችል አይመስለኝም።

ሕይወቱን ባጭሩ ላስታውስ። አቤ ጎጃም ውስጥ ተወልዶ በቤተ ክህነት ትምህርት፣ በቅኔው ያደገ ሰው ነው። አዲስ አበባ መጥቶ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሠራ በኋላ ደመወዙን ትቶ በብዕሩ ለመኖር ቆረጠ። በዚያ ዘመን ይህ እብደት ነበር (ዛሬስ ቢሆን?)። በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አሳተመ። ማኅፀን ውስጥ ያለ ልጅ ግፍ ወደሞላበት አገር አልመጣም ብሎ ይሟገታል። ባለሥልጣናቱ ነገሩ ስለ ማን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ መጽሐፉ ታገደ። ኋላም ደራሲው ራሱ ኢሉባቦር፣ ጎሬ ድረስ ተጋዘ።

«አንድ ለእናቱ» የወጣው በ1961 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ መቶ ዓመት በሞላ ማግሥት። ይህን እንደ ማፈግፈግ የሚያየው ሰው አለ፤ ደራሲው ተቀጥቶ ወደ ታሪክ ሸሸ ይላል። እስቲ ዘመኑን እናስብ። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ገና በአንቀጽ 2 የንጉሡ ዘር ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከሳባና ከሰሎሞን ልጅ፣ የሚወርድ መሆኑን ደንግጓል። እንዲህ ተብሎ በተጻፈበት አገር ውስጥ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብሎ ስለተሰደበ፣ ዘውዱንም በገዛ ጉልበቱ ስለጫነ ሰው ልቦለድ መጻፍ ምን ማለት ነው? ርዕሱንም ልብ በሉ። የነገሥታት ዘር አይቆጥርም፤ የሚጠራው እናትን ነው። (ቴዎድሮስ ራሳቸው ኋላ ዘራቸውን ከሰሎሞን ማገናኘታቸው ሌላ ጉዳይ ነው።) እንግዲህ ሽሽት የተባለው ይህ ከሆነ፣ እንዲህ ያለው ሽሽት ወደፊት መሮጥ ነው እንጂ!

ስብከቱን አልክድም። የአቤ ገጸ ባሕርያት አንዴ መናገር ከጀመሩ ማን ያስቆማቸዋል? የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» በዚህ በኩል ቁጥብ ነው፤ በኪነቱ ካወዳደርናቸው እኔም ለብርሃኑ አደላለሁ። ግን ጋዜጣው የመንግሥት፣ ሬዲዮውም የመንግሥት በሆነበት ጊዜ፣ ሰው በልቦለድ ውስጥ ረጅም ንግግር ቢያደርግ ምን ይገርማል? ሌላ የት ይናገረው?

እኔ ከአቤ ጋር የምጣላው በሌላ ነገር ነው። «አንድ ለእናቱ»ን ሴቻ ላይ ሆኖ፣ ቁልቁል ሐይቆቹን እያዩ ማንበብ ደብረ ታቦር ላይ ሆኖ ከማንበብ ይለያል። ቴዎድሮስ እዚህ አልደረሱም። አንድነት የሚባለው ነገር ጋሞ ደጋ ላይ የወጣው በ1880ዎቹ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በጦር ነው። ተከትሎትም የገባር ሥርዓት መጣ። አያቶቻችን ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ የሚያነሱት የንጉሥን ሕልም ሳይሆን የጫኑትን ሸክም ነው። ስለዚህ አገር አንድ የማድረግን ሕልም የሚያነበው የጋሞ ልጅ በግማሽ ልቡ ያጨበጭባል፣ በግማሽ ልቡ ደግሞ «እኔስ?» ይላል። የዘመኑን ቤተ መንግሥት የደፈረ ብዕር የአገሩን ዳር ሳያይ ማለፉ ያሳዝነኛል። ግን አቤ በ1972 ዓ.ም. አርፏል። እሱ ያላየውን እኛ እንጻፈው።

ጉዳይ ደግሞ ሞልቷል። ጠቅላይ ግዛቱ ከጨንቻ ወርዶ አርባምንጭ የከተመበት የ1950ዎቹ ታሪክ አለ፤ የዱቡሻው ሸንጎ አለ። ቅርቡንም መጥቀስ ይቻላል። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ወገኖቻችን ተገደሉ። አርባምንጭ ውስጥ ወጣቱ ለበቀል ሲወጣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። አገር በሙሉ አደነቀ። አቤ ቢሆን በአድናቆቱ የሚበቃው አይመስለኝም። ሽማግሌው ማታ ቤቱ ሲገባ ምን እንደተሰማው፣ የሟቾቹ እናቶች ምን እንዳሉ፣ ለደሙ ማን እንደተጠየቀ ሳያነሳ አያልፍም ነበር።

አንድ ጓደኛዬ በገባር ዘመን ላይ ልቦለድ ጀምሯል። «ታሪኩን ጻፍ፣ ፖለቲካውን ግን አትንካ» ብለው የመከሩት ሰዎች አሉ፤ ለእሱ አስበው ነው። ታዲያ ከገባር ታሪክ ፖለቲካው ሲወጣ ምን ይቀራል? የእርሻው ወግና የእንሰቱ ተክል ብቻ ነው እኮ! እሱም ሦስት ምዕራፍ ጽፎ ቆሟል። አራተኛው ላይ የገባሩ ልጅ ዱቡሻ መካከል ተነስቶ መናገር አለበት፤ ምን ማለት እንዳለበት ግን እስካሁን ከጓደኛዬ ጋር አልተስማማንም።