ሊንኩን ከመንካታችሁ በፊት ማን እንደከፈለበት ጠይቁ

ልጃችሁ ወይም ታናሽ ወንድማችሁ የእግር ኳስ ዜና የሚያነብበት የቴሌግራም ቻናል ካለ፣ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጡና አብራችሁ ክፈቱት። ከዝውውር ወሬውና ከአሰላለፉ ሥር «የዛሬ ግምቴ ይኸው፤ እኔ የምጫወተው እዚህ ነው፤ በዚህ ሊንክ ስትመዘገቡ ቦነስ ታገኛላችሁ» የሚል መልእክት ታገኙ ይሆናል። ሊንኩን አትክፈቱት። አድራሻውን ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከድርጅቱ ስም በኋላ የፊደልና የቁጥር ጅራት ተንጠልጥሎ ካያችሁ፣ ያ ጅራት አብዛኛውን ጊዜ የቻናሉ ባለቤት መለያ ነው። በዚያ በር የገባ ሁሉ በባለቤቱ ስም ይቆጠርለታል።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የውርርድ ድርጅቶች ለአስተዋዋቂ ከሚከፍሉባቸው የተለመዱ መንገዶች አንዱ፣ በእሱ ሊንክ የገባው ሰው ከተበላው ገንዘብ ላይ ድርሻ መስጠት ነው። ልጁ በከሰረ ቁጥር አስተዋዋቂው ያገኛል፤ ልጁ ካሸነፈ የአስተዋዋቂው ድርሻ ይቀንሳል። ስለዚህ «ዛሬ አትፍሩ፣ ግቡ» የሚለው ሰው ከአወራራጁ ጎን የተቀመጠ ነው። ልጁ ግን ይህን ከየት ያውቃል? እሱ የሚያውቀው ኳስ የገባው፣ እንደ እሱ አርሰናልን የሚደግፍ፣ «ወንድሜ» ብሎ የሚጠራው ሰው ማግኘቱን ነው። የትራንስፖርቱን ብር የሚያስይዘው ያንን ወንድም አምኖ ነው።

ውርርዱ ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ስለሆነ አስቀደምኩት እንጂ፣ ዛሬ በአማርኛ የሚጻፍና የሚነገር ምክር በብዛት በዚህ መንገድ እየተገዛ ነው። ሪል ስቴቱ፣ ክሊኒኩ፣ የፊት ቅባቱ፣ የባህል መድኃኒቱ፣ የውጭ አገር ሥራው፣ ክሪፕቶው፣ ሁሉም «ራሴ ሞክሬው ነው» በሚል አፍ ይመጣል። አንዲት የቅርብ ዘመዴ ሪያድ ውስጥ ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ለአንድ ቤት አልሚ ቅድመ ክፍያ ላከች። ያሳመናት ሥራዋን ጨርሳ በየምሽቱ በዩቲዩብ የምታየው አቅራቢ ነው፤ «እኔም እዚሁ ገዝቻለሁ» ብሎ ነበር። ቤቱ እስካሁን ከመሠረቱ አልወጣም። አቅራቢው ለዚያ ፕሮግራም ተከፍሎት እንደነበር የሰማነው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስትነግረኝ ያለቀሰችው ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። «እሱን እኮ እንደ ወንድሜ ነበር የማየው» ነው ያለችኝ።

መከፈል ነውር አይደለም። አዝማሪ ሁልጊዜ ተከፍሎት ያወድሳል፤ ነገር ግን ብሩ ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ሁሉ እያየ ነው። ውዳሴው ስንት እንደሚያወጣ፣ ማን እንዳስወደሰ ታዳሚው ያውቃል፤ አውቆም ያጨበጭባል። ደላላም ደላላነቱን አይደብቅም፤ ቤት ሲያሳየን የኮሚሽኑን ነገር አስበን ነው ቃሉን የምንመዝነው። ሬዲዮኑም «ይህን ዝግጅት ስፖንሰር ያደረገው» ብሎ ይጀምራል። እኛ የለመድነው ሥርዓት ይህ ነው። አሁን የመጣብን ብሩን ግንባር ላይ መለጠፍ ትቶ ኪስ ውስጥ የሚሸጉጥ፣ ከዚያም በወዳጅ ድምፅ የሚያወድስ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሌላው ዓለም ይህን በሽታ ከእኛ በፊት ታሞታል። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ፔይፐርፖስት የሚባል ድርጅት ጦማሪዎችን ከኩባንያዎች እያገናኘ ለእያንዳንዱ የውዳሴ ጽሑፍ ማስከፈልና መክፈል ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ጦማሪው መከፈሉን የመናገር ግዴታ አልነበረበትም፤ ግዴታው የመጣው ተቃውሞው ከበረታ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። በ2009 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን መመሪያውን አሻሽሎ፣ ገንዘብ ወይም ነፃ ዕቃ ተቀብሎ የሚያወድስ ጦማሪ ግንኙነቱን በግልጽ እንዲናገር አለ። ያም ሆኖ በ2015 ሎርድ ኤንድ ቴይለር የተባለ የልብስ መደብር ለ50 የፋሽን ተፅዕኖ ፈጣሪዎች ከ1,000 እስከ 4,000 ዶላር ከፍሎ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው ፎቶ እንዲለጥፉ አደረገ። ተከታዮቻቸው መከፈሉን አላወቁም፤ ቀሚሱ ተሸጦ አለቀ። ኮሚሽኑ መደብሩን ተጠያቂ ያደረገው በቀጣዩ ዓመት ነው። ኪም ካርዳሺያን ደግሞ ኢቴሪየምማክስ የሚባል ክሪፕቶ ስታስተዋውቅ ማስታወቂያ መሆኑን የሚጠቁም ቃል ጽፋ ነበር፤ 250,000 ዶላር እንደተከፈላት ግን አልተናገረችም። በ2022 ከአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተቆጣጣሪ ጋር ስትስማማ 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደደች። ዋሽንግተንና ዳላስ ተቀምጣችሁ በአማርኛ ለምታስተዋውቁ ወገኖቼ ይህን የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ቋንቋው አማርኛ መሆኑ ከሕጉ አያወጣችሁም። እዚህ አገርም አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክለው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ በዓይን የማይታይ ሌላ ገበያ አለ። ጉግል ሲጀመር የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ አንድ ገጽ ወደ ሌላው ሊንክ ሲሰጥ «ይህ ይነበብ» ብሎ ምስክርነት መስጠቱ ነው የሚል። ብዙና የተከበሩ ምስክሮች ያሉት ገጽ በፍለጋ ውጤት ወደ ላይ ይወጣል። ምስክርነት ዋጋ ካለው ደግሞ የሐሰት ምስክር ይገዛል። ጉግል በ2005 ሊንክ እንደ ምስክርነት እንዳይቆጠር የሚያደርገውን «ኖፎሎው» የሚባል ምልክት፣ በ2019 ደግሞ የተከፈለበትን ሊንክ የሚለየውን «ስፖንሰርድ» ያመጣው ለዚህ ነው። የራሱ የጃፓን ቅርንጫፍ እንኳ በ2009 ለጦማሪዎች ከፍሎ ሲያስጽፍ በመገኘቱ፣ ጉግል የገዛ ጃፓን ገጹን ደረጃ ዝቅ አድርጎ ቀጥቷል።

ይህ ለእኛ ለምን ያስፈራል? በእንግሊዝኛ አንድ የተገዛ ገጽ ቢኖር አጠገቡ መቶ ያልተገዙ ይኖራሉ። በአማርኛ ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ ብድር ብትፈልጉ የምታገኙት ጥቂት ገጽ ነው፤ አንዱ ከተገዛ ካለን ነገር ትልቁን ቁራጭ ገዙት ማለት ነው። ጥያቄ የሚመልሱልን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችም አማርኛን የሚማሩት ከዚሁ ጥቂት ጽሑፍ ነው። ዘንድሮ ለእኔም አንድ ኢሜይል መጥቶልኛል። ከስድስት ዓመት በፊት ስለ ልጅነት አመጋገብ በጻፍኩት ጽሑፍ ውስጥ፣ አንዲት ቃል ላይ ብቻ፣ ወደ አንድ የውጭ አገር የቁማር ገጽ የሚወስድ ሊንክ እንዳስገባ የሚጠይቅ ነው። «አንባቢ አያስተውለውም» ይላል። የተባለው ክፍያ የወር የቤት ኪራይ ይሸፍን ነበር። እናቶች ለልጃቸው ገንፎ ብለው የሚከፍቱት ገጽ ነው።

ይህ ሁሉ ሊንክ ለገዢ ሲዘረጋ፣ ለደከመ ሰው ግን ይነፈጋል። አንዱ ጋዜጠኛ ወልዲያ ድረስ ሄዶ፣ ሰው አነጋግሮ፣ ፎቶ አንስቶ ይጽፋል፤ በማግስቱ ጽሑፉ እንዳለ በሃያ ገጾች ላይ ተለጥፎ ሥሩ «ምንጭ፦ ማኅበራዊ ሚዲያ» ይላል። ማኅበራዊ ሚዲያ ወልዲያ አልሄደም። የሄደው ሰው ስም አለው፣ ገጽ አለው፤ ወደ እሱ የሚወስድ አንድ ሊንክ ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም። አንባቢውም ወሬው እውነት መሆኑን የሚያጣራው በዚያች ሊንክ ነው። ምንጩ ሲቆረጥ ያልተደረገው ተጨምሮ፣ የተደረገው ተቀንሶ ይዞራል፤ በዚህ አገር የተጨመረ ወሬ ምን እንደሚያደርስ አይተናል።

ለጸሐፊዎችና ለቻናል ባለቤቶች የምለው አጭር ነው፦ ከተከፈላችሁ መጀመሪያ ላይ፣ በአማርኛ፣ ሰው በሚያነብበት ቦታ «ተከፍሎኛል» በሉ። «ተጨማሪ ያንብቡ» ከሚለው በታች አትቅበሩት። የገለበጣችሁትን ከማን እንደገለበጣችሁ በሊንክ አሳዩ። ከተከታዩ ኪሳራ ድርሻ የሚሰጥ ውል ከያዛችሁ ግን «ተከፍሎኛል» ማለትም አያድናችሁም፤ ውሉን ቅደዱት።

እናንተ አንባቢዎች ደግሞ ዛሬ ማታ ከልጃችሁ ጋር ያን ቻናል ስትከፍቱ፣ ለባለቤቱ አንድ መልእክት ጻፉለት፦ «በዚህ ሊንክ ስንገባ አንተ ምን ታገኛለህ?» በቅንነት የሚመልስ ይኖራል። ዝም የሚል ይኖራል። የሚያግዳችሁም ይኖራል፤ ሲያግዳችሁ ስልኩን ለልጁ አሳዩት።