«አላውቅም» የምትለዋ ቁልፍ



በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ኮሌጅ ሲያስገቡ፣ ወይም ከአገር ቤት የመጣች እህት ከዓመታት ሥራ በኋላ ለነርስነት ትምህርት ስትመዘገብ፣ ትምህርቱ ሳይጀመር የሚጠብቃቸው ነገር አለ፤ የሂሳብ ምደባ ፈተና። ኮሌጁ፣ ተማሪው «ኮሌጅ አልጄብራ» የሚባለውን ትምህርት በቀጥታ መጀመር ይችል እንደሆነ ወይም አስቀድሞ ሌላ ትምህርት ያስፈልገው እንደሆነ የሚለይበት ነው። በብዙ ኮሌጆች ይህ ፈተና የሚሰጠው አሌክስ በተባለ የኢንተርኔት ሶፍትዌር ሲሆን፣ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ተቀምጦ ይፈተናል። በዚህ ወር ዓምዳችን ይህን ርዕስ ያነሳነው ለዚሁ ነው። ፈተናው ቤት ድረስ በመምጣቱ ልጁ ሲፈተን ቤተሰቡም አብሮ መፈተን ጀምሯል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ከኮሌጅ አልጄብራ በታች ያሉት የማካካሻ ትምህርቶች እንደማንኛውም ትምህርት ይከፈልባቸዋል፤ ለዲግሪ ግን አይቆጠሩም። ፔል ግራንት የተባለው የፌዴራል መንግሥት ድጎማ ለእነዚህ ትምህርቶች ቢከፍልም ከ30 የሴሚስተር ክሬዲት ሰዓት አያልፍም፤ ድጎማው ራሱም በዕድሜ ልክ ከ12 ሴሚስተር በላይ አይሰጥም። ስለዚህ ወላጅ ልጁ ዝቅ ብሎ እንዳይመደብ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ያለ አቅም ከፍ ብሎ መመደብ የባሰ ነው። ኮሌጅ አልጄብራ ገብቶ የወደቀ ተማሪ ክፍያውን ያጣል፤ የወደቀበት ውጤት በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል፤ አማካይ ውጤቱ ኮሌጁ ከወሰነው በታች ከወረደም ድጎማው ሊቋረጥበት ይችላል።

አሁን ሶፍትዌሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ሐሳቡ የመጣው ዣን ፖል ዷኞን እና ዣን ክሎድ ፋልማኝ የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1985 ካሳተሙት ጥናት ነው። ሶፍትዌሩ ራሱ በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ተሠራ፤ ከ2013 ወዲህ ማግሮው ሂል የተባለው አሳታሚ ድርጅት ንብረት ነው። መነሻው ማንኛውም የሂሳብ አስተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው፤ በሂሳብ አንዱ ርዕስ የሚቆመው በሌላው ላይ ነው። አንዲት ተማሪ ካሬ ያለበትን እኩልታ በትክክል ከፈታች ከዚያ የሚቀልለውን እኩልታ መፍታት እንደማያቅታት ይገመታል፤ ስለዚያ መጠየቅ አያስፈልግም። አንድ ግማሽንና አንድ ሦስተኛን መደመር ካቃታት ደግሞ በታህታቸው ያልታወቀ ቁጥር ያለባቸውን ክፍልፋዮች እንድትደምር መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ መልስ ተነስቶ የሚቀጥለውን ጥያቄ ይመርጣል። ከ30 በማይበልጡ ጥያቄዎች ስለ ብዙ ርዕሶች ፍርድ መስጠት የቻለውም በዚህ መንገድ ነው። በመጨረሻ ውጤቱን እንደ ክብ ዳቦ በተቆራረጠ ሥዕል ያሳያል፤ የሞላው የሚታወቀው፣ ያልሞላው የሚቀረው ነው።

መልሱም ብዙ ጊዜ ከምርጫዎች መካከል የሚከበብ ሳይሆን ተሠርቶ የሚጻፍ ነው። እዚያው ገጹ ላይ «አላውቅም» የምትል ቁልፍ አለች። ያልተማሩትን ጥያቄ በግምት ከመሞከር ይልቅ እሷን መጫን ይሻላል። የእኛ ሰው ግን ይህችን ቁልፍ አይወዳትም። በትምህርት ቤት ባዶ ከመተው መሞከር ይሻላል ተብለን አድገናል፤ ለወረቀት ፈተና ምክሩ ትክክል ነበር። እዚህ ግን በዕድል የተገኘ አንድ መልስ የአንድ ጥያቄ ነጥብ ብቻ ይዞ አይሄድም። ከሥሩ ያሉት ርዕሶች ሁሉ የታወቁ መስለው እንዲቆጠሩ ምክንያት ይሆናል።

ታላቅ ወንድም ከጀርባ ቆሞ «እንዲህ በይ» ሲል፣ ወይም ጥያቄው በስልክ ፎቶ ተነስቶ መልሱን በሚያወጣ ፕሮግራም ሲሠራ የሚሆነው ይኸው ነው። ሶፍትዌሩ የወንድሟን እውቀት ለክቶ በእህቲቱ ስም ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ልትማረው የምትችለው ብሎ የሚያቀርብላት ርዕስ ሁሉ እሷ ያልረገጠችው ደረጃ ላይ ያለ ይሆናል። ካሜራ አብርተው የሚፈትኑ ኮሌጆች የደረሱበትን ውጤት ይሰርዛሉ፤ ያልተደረሰበት ግን ከመሰረዙ ይልቅ የከፋ ዕዳ ይሆንባታል። ፈተናው አማና መሆኑን ለአንባብያን ማስረዳት አያስፈልገንም። የመዲናው ዓሊም ኢማም ማሊክ፣ ከሩቅ አገር ተጉዞ የመጣ ሰው ካቀረበላቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹን «አላውቅም» ብለው እንደመለሱለት በታሪክ ይወሳል። የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ይህን ቃል ለኮምፒውተር ቢናገር የሚዋረድበት ነገር አይታየንም።

የመጀመሪያው ፈተና እንግዲህ እንደ ሐኪም ምርመራ ይታይ። ብዙ ኮሌጆች ተማሪው በሶፍትዌሩ ውስጥ ባለው የመከለሻ ክፍል የተወሰነ ሰዓት ካጠና በኋላ ዳግም እንዲፈተን ይፈቅዳሉ። ስንት ጊዜ፣ በስንት ቀን ልዩነት የሚለው እንደየኮሌጁ ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ትልቁ ጥቅም ያለው በዚህ መሐል ባሉት ሳምንታት ነው።

ኮሌጅ አልጄብራ የሚያደናቅፈው በአዲሱ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል በቀረ ቀዳዳም ነው። አልጄብራ የሚለው ስም ራሱ ከጥገና ጋር የተያያዘ ነው። አል-ኸዋሪዝሚ በዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን በባግዳድ በጻፈው መጽሐፍ ርዕስ ላይ «አል-ጀብር» የሚለው ቃል መመለስን፣ መጠገንን ያመለክታል። ዐረቦች ለወጌሻ ሥራም ይጠቀሙበታል። ከመጽሐፉ ሰፊውን ቦታ የያዘው የውርስ ክፍፍል ስሌት መሆኑንም በዚሁ እናስታውስ። አሠራሩን በምሳሌ ብናየው፣ ያልታወቀውን ቁጥር «ቀ» እንበለውና 5ቀ − 8 = 2ቀ + 7 ይሁን። በግራ በኩል 8 ተቀንሶ ጎድሏል፤ በሁለቱም ወገን 8 ስንጨምር የጎደለው ተጠግኖ 5ቀ = 2ቀ + 15 ይሆናል፤ ይህ አል-ጀብር ነው። ከሁለቱም ወገን 2ቀ ስናነሳ 3ቀ = 15 ይቀራል፤ ይህ «አል-ሙቃበላ» ነው። ቀ 5 ነው። ይህን ሳይደናገር የሚሠራ ተማሪ ብዙ መንገድ ሄዷል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች አሉ። −3 ሲባዛ በ−3 ውጤቱ 9 ነው፤ ቅንፍ ሳይኖር የቀነስ ምልክቱ ከካሬው ውጭ ሲቆም ግን መልሱ −9 ነው። ሌላው፣ ቀ + 6 ለ6 ሲካፈል ሁለቱን 6 ሰርዞ ቀን ብቻ ማስቀረት ነው። በቀ ፋንታ 12 አስገብታችሁ ብትሞክሩት ስህተቱ ራሱ ይናገራል፤ 18 ለ6 ሲካፈል 3 እንጂ 12 አይደለም። በቃላት የተጻፉ ጥያቄዎች ደግሞ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። እንግሊዝኛው «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤ ነምበር» ሲል 5 ቀድሞ ስለሚመጣ ተማሪው 5 − ቀ ብሎ ይጽፋል። አማርኛችን «ከአንድ ቁጥር 5 ሲቀነስ» ስለሚል ቅደም ተከተሉ ሳይዛባ ቀ − 5 ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በልባችሁ ወደ አማርኛ መልሳችሁ ብታነቡት እንደ ኋላቀርነት አትቁጠሩት፤ በዚህ ቦታ ቋንቋችን ይጠቅማል።

ስለ አጠናኑ ሁለት ነገር እንበል። ሶፍትዌሩ የምትጽፉበትን ደብተር አያይም፤ የሚያየው የመጨረሻውን መልስ ብቻ ነው። እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት ካልጻፋችሁ የት እንደተሳሳታችሁ ራሳችሁም አታገኙትም። ማብራሪያዎቹም እውነቱን ለመናገር ደረቅ ናቸው፤ ያልገባውን ሰው እንደ ጥሩ አስተማሪ አያባብሉም። ሁለተኛ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ ያለፋችሁትን መልሶ ይጠይቅና የረሳችሁትን ከሞላው ሥዕል ላይ ይቀንሰዋል። ብዙ ወጣት የሚበሳጨውና የሚተወው በዚህ ጊዜ ነው። የተቀነሰው ርዕስ በሰኔ ባይቀነስ ኖሮ በመስከረም በመምህሩ ፊት ይቀነስ ነበር።

ወላጆች ሂሳብ ባታውቁም የምታደርጉት አለ። አራት ልጆችና አንድ ኮምፒውተር ባለበት ቤት፣ በተለይ ሴት ልጃችሁን ከማጀት ሥራ ነፃ አድርጋችሁ በቀን አንድ ሰዓት፣ ከፈጅር ሶላት በኋላም ቢሆን፣ የማይነካ ጊዜ ስጧት። ቤቱ ካልተመቸ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር በነፃ ያስጠቅማል። «ስንት አገኘሽ?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ሳምንት የትኛውን ርዕስ ጨረስሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ልጅን ወደ ስልኩ ይገፋል።

አሌክስ በሌለበትም መንገድ አይጠፋም። ካን አካዳሚ በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ ለአንድ ትምህርት የተዘጋጀውን ጠቅላላ ፈተና ወስዶ የጎደለውን እየመረጡ መማር ይቻላል። ኢንተርኔት ለማይዘልቅለት ደግሞ በራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ኦፕንስታክስ የመሠረታዊ ሂሳብና የኮሌጅ አልጄብራ መጻሕፍቱን በነፃ ያስወርዳል፤ አገር ቤት ላለ ተማሪም ይደርሳል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ሕግ ምክንያት የማኅበረሰብ ኮሌጆች ተማሪን የሚመድቡት በዋናነት በሁለተኛ ደረጃ ውጤቱ ነው፤ ፈተናው ባይኖርም ቀዳዳው ስላለ ክለሳው አይቀርም። ከመመዝገባችሁ በፊት ደግሞ የኮሌጁን አማካሪ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የመረጣችሁት የትምህርት መስክ የግድ ኮሌጅ አልጄብራን ይፈልጋል ወይስ ስታቲስቲክስ ይበቃዋል? በአንዳንድ የነርስነት ፕሮግራሞች ስታቲስቲክስ ይበቃል፤ መንገዱም ሆነ መከለስ ያለበት ርዕስ የተለየ ነው።