የቤተሰብ ዓምድ፦ የአንድ ቀን እንግዳ በሐረር

መኪናው እስኪነሣ በማያውቀው ከተማ አንድ ቀን የተረፈው ወታደር እንዴት ይዋል? ቀኑን በመጠጥ ቤት ከፈጀው፣ ደመወዙ እዚያው ይቀራል፤ ጉድለቱ ግን ቤቱ ይገባል።

ሐረርን እንመልከት። በ16ኛው መቶ ዓመት በኤሚር ኑር ዘመን የታነጸው የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዳው በሸዋ በር ገብቶ ጠባብ መንገዶቹን በእግሩ ይዙር። ሳይፈቀድለት ግቢ አይግባ፤ ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ አያንሣ። ሕዝቡ ሠራዊታችንን የሚመዝነው ብቻውን በሚያልፈው በዚያ አንድ ወታደር ነውና።

ግድግዳ ያስጌጠው ስፌት የሐረሪ ሴቶች የእጅ ሥራ ነው። አቅሙ ከፈቀደ አንድ ትንሽ ሙዳይ ይግዛ፤ ካልፈቀደም ያየውን ሁሉ ለባለቤቱ ያውጋት። ደጅ ደጁን ስታይ ለከረመች ሚስት፣ ባሏ ቀኑን በክብር መዋሉን መስማት ራሱ ስጦታ ነው እንላለን።