መቶኛ አይጠጣም

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ከመደጋገሙ ብዛት የስንፍና መሸፈኛ ሆኗል። ጥፋቱን የዕድል ያስመስለዋል። ምዕራብ ጎጃም ግን ውሃ የተነፈገ አገር አይደለም። ክረምቱ አይሰስትም፤ ላህ በፍኖተ ሰላም፣ ፈጣም በቡሬ በኩል ወርደው ወደ ዓባይ ያቀናሉ። የጠፋው ውሃውን የሚጠብቅና ስለ ውሃው የሚጠየቅ ሰው ነው።

በየዓመቱ ሪፖርት ሲነበብ «የንጹህ መጠጥ ውሃ ሽፋን ይህን ያህል በመቶ ደረሰ» ይባላል፤ ይጨበጨባል። «ንጹህ» የምትለዋ ቃል ከየት ገባች? ስሌቱ የሚቆጥረው የተቆፈረ ጉድጓድና የተተከለ ቦኖ ነው። ለእያንዳንዱ ይህን ያህል ሰው ይጠጣበታል ተብሎ ተመድቦ ይባዛል። ፓምፑ ተሰብሮ እናት ወደ ወንዝ ብትመለስም በወረቀቱ ላይ ተጠቃሚ ናት። በ2003 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ ቆጠራ ከአራት የገጠር የውሃ ተቋማት አንዱ ገደማ አይሠራም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ደግሞ በግቢው፣ በፈለገው ሰዓት፣ ያልተበከለ ውሃ የሚያገኘውን ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. በ2020 ከመቶ 13 ገደማ ብለውታል። ከሪፖርቱ አዳራሽ ይህ ቁጥር አይሰማም።

ከተማ ውስጥ ቧንቧ ያለውም አይዘባነን። የፈረቃ ውሃ ራሱ አደጋ ነው። ውሃው ሲቋረጥ የቧንቧው ግፊት ይወድቃል። ግፊት ያጣ ቧንቧ በተሰነጠቀበትና በተገጣጠመበት በኩል በዙሪያው ያለውን እርጥበት፣ የሽንት ቤት ስርገትም ቢሆን፣ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ ጀሪካን ውስጥ የሚገባው ያ ነው። ስለዚህ «ጋኑ ላይ ክሎሪን ጨምረናል» የሚለው መልስ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ሰው በሚቀዳበት ቧንቧ ላይ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ተርፎ ይገኝ ነው። ይህን ለማወቅ ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እጅ ላይ የሚያዝ መለኪያና አንዲት ክኒን ይበቃሉ፤ ክኒኗ ስትሟሟ ውሃው ሮዝ ከሆነ ክሎሪን አለ፣ ካልሆነ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በደቂቃዎች ትጨርሰዋለች። ታዲያ ውጤቱ በየሳምንቱ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ የማይለጠፈው ለምንድን ነው? በሽታው ሲገባ ብቻ ሩጫ ይጀመራል፤ ለዓመታትም ኮሌራ ተብሎ አይጠራም ነበር፣ «አተት» ይባል ነበር። ስሙ ስለተለወጠ የዳነ በሽተኛ እስካሁን አልታየም።

ክሎሪን የማይደርስበትም ብክለት አለ። ምንጩ አናት ላይ በቆሎ ታርሶ ዩሪያ ሲበተን ናይትሬት ወደ ጉድጓዱ ይሰርጋል። ናይትሬትን ማፍላት አያወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያከረዋል። ዋናው መድኃኒት ምንጩን አስቀድሞ ማጠርና እርሻውን ማራቅ ነው።

ቡሬ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨምሮባታል። በ2013 ዓ.ም ትልቁ የዘይት ፋብሪካ ተመረቀ፤ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክም አላት። እሰየው ነው፤ ወጣቱ ሥራ ይፈልጋል። ነገር ግን ፋብሪካ ውሃ ይጠጣል፣ ያጠበበትንም መልሶ ይደፋል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ አለ፤ አቃቂና ሞጆ ግን አዋጁ ወጥቶም አልጠሩም። የቡሬ ሰው አዋጅ ተጠቅሶለት መርካት የለበትም። ከፋብሪካ በታች ያለው ገበሬ፣ ከብቱ የሚጠጣው ውሃ ምን እንደያዘ በወሩ የምርመራ ወረቀት ይታየው። ፍሳሹ በሚገባ ተጣርቶ ከሆነ ወረቀቱን መለጠፍ ማንን ያስፈራል?

«በጀት የለም፣ ጸጥታውም አይፈቅድም» ይባል ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። ሆኖም መላው ባዕድ አይደለም። በፊንላንድ ድጋፍ በአማራ ክልል ገጠር ሲሠራ የነበረው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ገንዘቡን በቢሮ ከማዞር ይልቅ በያኔው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለመንደሩ ኮሚቴ ሰጠ። ሲሚንቶ የገዛው፣ ቆፋሪ የቀጠረው፣ ለጥገና ከየቤቱ ያዋጣው ገበሬው ራሱ ነበር። አሠራሩ ኋላ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተሻገረ። የገዛውን ሲሚንቶ ቆጥሮ የተረከበ ገበሬ የውሃውንም ውጤት ማንበብ አያቅተውም። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት መለኪያውንና የክኒኑን ፓኬት ለየኮሚቴው ለማስረከብ የሚያስፈልገው የአንድ ቀን ስብሰባ ነው።