የብረት እጥረትና የዘጊ አነዳ መርዝ

ስለ ተውሳክ ስናጠና የበሽታውን ስምና ምልክት ብቻ መሸምደዳችን አይበቃም እላለሁ፤ ተውሳኩ መርዙን መቼ እንደሚሠራ ማወቅ ይበልጣልና።

የዘጊ አነዳን፣ ማለት የዲፍቴሪያን፣ ባክቴሪያ እንመልከት። ሰውነታችን ብረቱን በቀላሉ አያስነካም፤ በደም ውስጥ ትራንስፈሪን የተባለ ፕሮቲን አጥብቆ ይይዘዋል። ባክቴሪያው ብረት ሲያገኝ ዲቲኤክስአር የተባለው የራሱ ፕሮቲን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የመርዙን ጂን ይዘጋል። ብረት ሲያጣ ግን ፕሮቲኑ ከጂኑ ላይ ይነሣል፤ ያን ጊዜ መርዙ ይመረታል፤ ብረት መሻሚያው መሣሪያም አብሮ ይሠራል። የሚያስደንቀው፣ የመርዙ ጂን ባክቴሪያውን ከሚወር ቫይረስ የመጣ ሲሆን ቁልፉ ግን የባክቴሪያው የራሱ መሆኑ ነው። በሰው ዕቃ ላይ የራስን ቁልፍ ማድረግ ይሏል ይህ ነው!

ብረት መርዙን እንደሚያስቀር ፓፐንሃይመርና ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1936 አሳይተዋል። «እንግዲያው ለታመመው ልጅ ብረት ይሰጠው» የሚል ቢኖር ግን አልስማማም፤ ብረት ለባክቴሪያውም ምግብ ነውና ሊያበዛው ይችላል። ዕውቀቱ የጠቀመው በሌላ በኩል ነው። ክትባት ሠሪዎች ባክቴሪያውን ብረት እያሳነሱ ያሳድጉትና መርዙን ይሰበስባሉ። «ልጄን መርዝ ይወጉብኛል» ብሎ የሚፈራ ወላጅ ካለ፣ ለሕፃኑ የሚሰጠው ይኸው መርዝ በፎርማሊን ጉዳቱ ከጠፋለት በኋላ ነው።