የባሌ ጦጣና የያቤሎ ቁራ

“ብርቅዬ” የሚለው ቃል በቱሪዝም ማስታወቂያ ላይ የኩራት ቃል ነው፤ ሌላ አገር የለም፣ መጥታችሁ እዩ! ለእንስሳው ግን ቃሉ መሄጃ የለህም ማለት ነው። መሄጃ ማጣቱም ከአንዱ አንዱ ይለያያል።

የባሌ ጦጣን የያዘው ሆዱ ነው። በኦዶቡሉ ደን የተከታተሉት ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ከምግቡ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቀርከሃ ነው፤ ያውም በአብዛኛው ለጋ ቅጠል። ቀርከሃው ሲመነጠር ግን ወዲያው አይጠፋም። በሲዳማ ደጋ በተቆራረጡ ደኖች የቀሩት መንጋዎች ያገኙትን ቅጠልና ፍሬ፣ ሲብስም የገበሬውን ሰብል እየበሉ ይኖራሉ። በዚህ የተነሳ ወጥመድ ይጠብቃቸዋል። ቢሆንም አሉ።

በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ ዙሪያ ብቻ የሚገኘው የቁጥቋጦ ቁራ ነገር ግን ግራ ያጋባል። ግራጫ ላባ፣ ጥቁር ክንፍ፣ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው ወፍ ነው። ነፍሳት ይበላል፣ ግራር ላይ ጎጆ ይሠራል፣ የቦረና ከብት በዋለበት ይለቅማል። ግራሩም ከብቱም ከያቤሎ ውጭ ሞልቷል። ታዲያ ለምን አይሻገርም?

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መልሱን ከሙቀት አገኘው። ወፉ የሚኖርበት መሬት ከዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ሙቀቱ ከፍ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ወፉም ያበቃል። ኋላ የተደረጉ ክትትሎችም ሲሞቅ አፉን ከፍቶ እንደሚያለከልክ፣ ወደ ጥላ እንደሚሸሽና ምግብ ፍለጋውን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ክንፍ ያለው ክንፍ ከሌለው ይልቅ ታስሯል።

ለጦጣው ቢያንስ የሚደረገው ይታወቃል። መኖሪያው የሆነው የሐረና ደን ያለበት የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል (ዝናውን ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ቢወስዱትም)። ቀርከሃ ይተከላል፣ ጠባቂ ይቀጠራል። ያቤሎም ለዱር እንስሳት የተከለለ ቦታ አላት፤ ነገር ግን ካርታ ላይ የተሰመረ ድንበር ሙቀትን አይመልስም።

ስለዚህ “ከልሎ መጠበቅ” የሚለው ነባር አሠራር ለወፉ አይበቃም። የሚፈልገው አጭር ሣር ያለበት ሜዳና ጥላ የሚሰጥ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ይህን ያቆየለት ደግሞ አርብቶ አደሩ ነው። ዛሬ ሜዳውን ቁጥቋጦ ከአንድ ወገን፣ እርሻ ከሌላ ወገን እየበሉት ነው። የጥበቃ በጀት ሲደለደል ከጠባቂው ደመወዝ ጎን፣ ቁጥቋጦ ለሚመነጥረውና ትልልቁን ግራር ሳይቆርጥ ለሚተወው የቦረና ከብት አርቢ የሚከፈል ገንዘብ መኖር አለበት።