ዝናም በደጋ፥ ጎርፍ በቆላ

የሚመጣውን አስቀድሞ ዐውቆ መሰናዳት የብልህ ሰው ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የነፋሱን አነፋፈስና የደመናውን መልክ እየተመለከተ የእርሻውንና የዘሩን ጊዜ ሲለይ ኖሯል። ዛሬ ደግሞ በዚህ ልማድ ላይ በመሣሪያ የሚመረመር ትንበያ ተጨምሮለታል። በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመውና አሁን የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት የዕለቱን፥ የአሥር ቀኑን፥ የወሩንና የወቅቱን የአየር ጠባይ ያስታውቃል። ይሁን እንጂ ትንበያ በመነገሩ ብቻ ሕይወት አይድንም፤ ሕይወት የሚድነው ሰሚው ነገሩ እርሱን የሚመለከት መሆኑን ሲያስተውል ነው።

ሐምሌና ነሐሴ የክረምቱ ኃይል የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። ከአትላንቲክና ከህንድ ውቅያኖስ፥ ከኮንጎም ደን የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ወደ ኢትዮጵያ ተራሮች ሲደርስ ሽቅብ ይወጣል፤ በወጣም መጠን እየቀዘቀዘ ዝናም ይሆናል። ስለዚህ ዝናሙ በብዛት የሚወርደው በደጋው ላይ ነው። ውሃ ግን በወረደበት አይቀርም። የሳምንቱን ትንበያ የሚሰማ የቆላ ሰው በራሱ ሰማይ ብቻ የፈረደ እንደ ሆነ ይሳሳታል፤ ሊጠይቅ የሚገባው ወንዙ በሚነሣበት አገር ምን ያህል ዝናም እንደሚጠበቅ ነው።

ይህ እውነት በ1998 ዓ.ም. ክረምት በመራራ ሐዘን ታይቷል። በድሬዳዋ ከተማ መካከል የሚያልፈውና የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ፥ በተራራው ላይ በዘነበ ዝናም ሞልቶ፥ ለሐምሌ 30 አጥቢያ በተኛ ሕዝብ ላይ ደረሰ፤ ከ250 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። ብዙ ቀን ሳይቆይ፥ በነሐሴ፥ የኦሞ ወንዝ በታችኛው ሸለቆ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችንና እጅግ ብዙ ከብት አጠፋ። አዋሽም ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ወንዝ ነውና፥ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ከዳርቻው ወጥቶ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከመኖሪያቸው አፈናቅሏል።

ደገኛውም ቢሆን ከሥጋት ነፃ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ዝናም ያራሰው ተራራ ተንዶ ሰዎችን በቀበረ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ለማዳን ሮጠ፤ ዳግመኛ የተናደው አፈርም አዳኞቹን ጭምር ቀበረ። በዚያ ስፍራ የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። ርኅራኄ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የተናደ ገደል ዝናሙ እስኪያቆምና መሬቱ እስኪጠነክር ድረስ የማይታመን መሆኑን ለሕዝብ አስቀድሞ ማስተማር ያስፈልጋል።

በወንዝ ዳር የሚኖረውን ሰው ግን ሰነፍ ነው ብሎ መንቀፍ ፍርድ ማጓደል ነው። ሣሩ ለከብቱ፥ ጎርፉ ጥሎት የሚሄደው ለም አፈርም ለማሽላው ኑሮው ነውና፥ ያለ በቂ ምክንያት ልቀቅ ቢሉት አይለቅም። ትንበያም አንዳንድ ጊዜ ይስታል፤ አንድ ጊዜ የሳተውን የሰማ ሰው ሁለተኛ ለማመን ይቸገራል። ቢሆንም ጉዳቱ ይመዘን፤ ጎርፍ ይመጣል ሲባል ከብቱን ወደ ከፍታ ያወጣ ሰው ጎርፉ ቢቀር የሚያጣው የሁለት ቀን ድካም ነው፤ ሳይወጣ ቀርቶ ጎርፉ ቢመጣ የሚያጣው ግን ዳግመኛ አይገኝም።

ስለዚህ ትንበያው ወደ ሥራ መለወጥ አለበት። «ከመደበኛ በላይ ዝናም ይጠበቃል» የሚለው ቃል ለሊቃውንት ይበቃ ይሆናል፤ ለባላገሩ ግን የትኛው ወንዝ እንደሚሞላ፥ በየትኛው ቀን ከብት መውጣት እንዳለበት፥ የት እንደሚጠለል በገዛ ቋንቋው ሊነገረው ይገባል። የደጋው ወረዳ ሹም ወንዙ መሙላቱን ባየ ጊዜ ለቆላው ሹም በስልክ ለመንገር ትእዛዝ አይጠብቅ። በከተማ ያለው ሰው በየቦዩ የጣለውን ቆሻሻ ይጥረግ፤ በጥቁር አፈር የሚያርሰውም ውሃው ሰብሉን እንዳያፍነው የማሳውን ፈሰስ አስቀድሞ ይክፈት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፥ ሙታን ከተቀበሩ በኋላ የሚሰማ የማስጠንቀቂያ ቃል ለማንም አይረባም። ደጋውና ቆላው በአንድ ወንዝ የተያያዙ ስለ ሆኑ፥ ከላይ ያለው ያየውን ይንገር፤ ከታች ያለውም ሰምቶ ይነሣ።